የዛንዚባር ማዕድ በ2,400 ሜትር ከፍታ

ዛንዚባር ደርሶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ገብቶ ፒላው (በቅመምና በሥጋ መረቅ የሚበስለውን ሩዝ) ሲሠራና አልመስልለት ሲል መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቅመሙን ነው። ቅመሙ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም፤ መርካቶ የሚሸጠው ከሙንና ቅርንፉድ ለፒላው በቂ ነው። ጣጣው ያለው ውሃው ላይ ነው። የዛንዚባር አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን የተቆረቆረችው ከባሕሩ ጠርዝ ስለሆነ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ከአቃቂ ዝቅታ እስከ ሱሉልታ ዳገት ከፍታው ከ2,100 እስከ 2,600 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ውሃውም ከ93 እስከ 91 ዲግሪ ባለው መካከል ይፈላል። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ ሩዙን ቶሎ አያበስለውም።

ስለዚህ ከባሕር ጠለል የመጣን አሠራር ለሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። በዘይት ላይ የሚሠራው ሁሉ (ሽንኩርት ማጥቆር፣ ቅመም ማፈንዳት፣ ዓሣ መጥበስ) እዚህም እንደዚያው ነው፤ ዘይት ለከፍታ ግድ የለውም። በውሃ የሚበስለው ግን ጊዜም ውሃም ይጨመርለታል። ሩዝ፣ ሥጋና ቦሎቄ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ከሁሉም እልኸኛው ቦሎቄ ነው። ፕሬሸር ድስት ያለው ሰው ብዙ ይገላገላል፤ ግን የድስቱ መመሪያም የተጻፈው ለባሕር ጠለል ስለሆነ በእኛ ከፍታ ሰዓቱን በ30 በመቶ ገደማ ማርዘም ያስፈልጋል። መመሪያው 30 ደቂቃ ካለ 40 ደቂቃ ያዙ።

ባልና ሚስት አብረው ሲያበስሉ ሥራውን በምግብ ዓይነት መከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ከታፊ ሌላው አማሳይ ሆኖ በአንድ ድስት ላይ ሁለት ሰው ሲቆም ጨው ሁለቴ ይገባል። ፒላውንና ሥጋውን የያዘ ሰው ከእሳቱ አይራቅ፤ ኮኮናቱን፣ ዓሣውንና ካቹምባሪውን (የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣውን) ሌላው ይያዝ። ጨው የሚቀምሰው የድስቱ ባለቤት ብቻ ነው። እውነትም አራት እጅ የሚፈልገው ቻፓቲው፣ መጥበሻ ላይ የሚጋገረው ቂጣ ነው፤ አንዱ ሲዳምጥ ሌላው ይጋግራል። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያስቆም ካቹምባሪው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቢከተፍ ማንም አይከፋም።

የሥራው ቅደም ተከተል መብራትንም ማሰብ አለበት። በከተማው ዳርቻ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና ብሌንደር የሚፈልገውን ሥራ ሁሉ፣ በተለይ ኮኮናቱን፣ ገና በጠዋት ጨርሱ። የቀረው በከሰልም በቡታጋዝም ይሆናል። ፒላው እንዲያውም ለከሰል የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅመም ሲገዛ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሙንና ነጭ አዝሙድ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይሸጣሉ፤ ሻጩ በችኮላ ነጭ አዝሙድ ቢመዝንላችሁ ፒላው ጦስኝ ጦስኝ ይላል፤ የሚታደገውም ነገር የለም። ከሙን ረዘም ያለ፣ ቡናማና ጭረት ያለው ዘር ነው፤ ነጭ አዝሙድ ደቃቅና ድቡልቡል ነው። በእጅ አሽቶ ማሽተት ጥርጣሬውን ያጠፋል። ሌላው ስሕተት ሄል ሲጠፋ ኮረሪማ መተካት ነው። ኮረሪማ ለወጥና ለቅቤ ማንጠሪያ ሸጋ ነው፤ ፒላው ውስጥ ሲገባ ግን ሌላውን ሁሉ ይውጣል፣ ምግቡም ወዲያው የኛ ይሆናል። ሄል ከሌለ ያለ ሄል ይሠራ።

ቅርንፉድ የዛንዚባር ስም ነው ማለት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዘመን በኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ዘመን እርሻው ተስፋፍቶ ደሴቶቹን በዓለም ገበያ አሳወቀ፤ ዛሬም አብዛኛው የሚመረተው በፔምባ ደሴት ነው። ጥሩውን ለመለየት ጭንቅላቱን በጥፍር ተጫኑት፤ ዘይት ሊያወጣ ይገባል። አለዚያም ውሃ ላይ ጣሉት፤ ደህናው ይሰጥማል ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዘይቱ የተሟጠጠው በጎኑ ይንሳፈፋል። ከደሴቱ ስትመለሱ መያዝ ያለባችሁ ያልተፈጨ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ ነው። ለጎብኚ የሚሸጠው በሚያምር ቅርጫት የታሸገ የፒላው ቅመም ዱቄት አይረባም፤ መቼ እንደተፈጨ አይታወቅም። ዛፍራንም አትግዙ፤ የደሴቱ ሰብል አይደለም።

ኮኮናት ላይ ሦስት አማራጭ አለ። የቆርቆሮው ወተት ከሱፐርማርኬት ይገኛል፤ መረጋጊያ የገባበት ስለሆነ እሳት ላይ በቀላሉ አይቆረጥም፣ ግን ጣዕሙ ደብዛዛ ነው። ሙሉውን ፍሬ ከፍራፍሬ ቤት ስትገዙ የሚከብደውን፣ ሲነቀነቅ ውሃው የሚሰማውንና ሦስቱ ዓይኖቹ ደረቅ የሆኑትን ምረጡ፤ ዓይኑ ከረጠበ ወይም ከሻገተ ውስጡ ኮምጥጧል። በቢላዋ ጀርባ ወገቡን ዙሪያውን እየመቱ ሲያዞሩት ለሁለት ይከፈላል። ዛንዚባሮች ምቡዚ በሚባል ጥርስ ያለው ማጭድ በተተከለበት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይፍቁታል፤ እዚህ ነጩን ሥጋ በቢላዋ ነቅሎ በካሮት መፋቂያ መፋቅ ይበቃል። ሦስተኛውና ለእኛ ሰፈር የሚመቸው ደረቁ የተፈቀፈቀ ኮኮናት ነው፤ ስኳር ያልገባበት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ለ200 ግራም ደረቅ ኮኮናት ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ፤ ጣት ለቅጽበት የሚችለው ሙቀት ይሁን፣ የሚፈላ አይሁን። 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ ሁለት ደቂቃ ብሌንደር ይዙር፣ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ተጠቅልሎ በኃይል ይጨመቅ። ይህ ወፍራሙ ወተት ነው፤ ለብቻው ይቀመጥ። በአተላው ላይ 400 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ደግማችሁ ስትጨምቁ ቀጭኑ ይወጣል። ሁለቱን መቀላቀል ድካሙን ከንቱ ያደርጋል። ቀጭኑ ከመጀመሪያው ገብቶ ይፈላል፤ ወፍራሙ መጨረሻ ላይ ገብቶ መፍላት ሳይጀምር ይወርዳል። ወፍራሙ ወተት ኃይለኛ እሳት ሲነካው ፕሮቲኑ ይረጋና ስቡን መያዝ ያቅተዋል፤ ዘይቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል። ሎሚና ቲማቲም ደግሞ ይህንን ያፋጥናሉ።

አሁን ፒላው። ለስድስት ሰው ሦስት ብርጭቆ ባስማቲ ሩዝ፣ 750 ግራም አጥንት ያለው የበሬ ሥጋ፣ አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ድንች፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት። ለቅመሙ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ስምንት ቅርንፉድ፣ ስምንት ሄል፣ ጣት የሚያክሉ ሁለት ቀረፋ፣ ስምንት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል። እርድ አይገባም። የፒላው ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከሽንኩርቱ ነው፤ ቢጫ ሩዝ ካያችሁ ሌላ ምግብ ነው።

ሥጋው በሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በጥቂት ዝንጅብልና በሁለት ሊትር ውሃ ይቀቀላል። በክፍት ድስት ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በፕሬሸር 40 ደቂቃ። ክፍቱን ድስት አልፎ አልፎ እዩት፤ ከጎደለ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። በክፍት ድስት ከሆነ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለሁለት የተከፈሉት ድንቾች እዚያው ይግቡ። በባሕር ጠለል ድንቹ ከሩዙ ጋር ይደርሳል፤ እዚህ ግን ግማሽ ጥሬ ሆኖ ይቀራልና ቀድሞ መቀቀል አለበት። በፕሬሸር የሚያበስል እንፋሎቱ ከወጣና ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው ድንቹን የሚጨምረው። መረቁ ተጠልሎ ይቀመጥ። ሩዙ እስኪጠራ ይታጠብ፣ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ።

ሽንኩርቱ ላይ የኛ እጅ ልማዱ ይጎትተዋል። ለወጥ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ይልማል። እንዲህ ያለ ቁሌት ፒላው ውስጥ ከገባ ሩዙ ይገረጣል፣ ስኳር ስኳር ይላል፣ ይጣበቃልም። ለፒላው ሽንኩርቱ በቀጭኑ በርዝመቱ ተቆርጦ ገና ከመጀመሪያው በሞቀ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ በመካከለኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ጠቆር ያለ ቡና መልክ እስኪይዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ፈጣን ናቸው፤ ከጥቁር ቡናማ ወደ ከሰል የሚወስደው ጊዜ ስልክ አንሥቶ ሃሎ የማለት ያህል ነው። ካረረ መራራነቱ ስለማይለቅ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ቀለሙ እንደደረሰ ሩብ ብርጭቆ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ማረሩ ይቆማል፣ ሽንኩርቱ ይሟሟል፣ ቀለሙ ወደ ዘይቱ ይወጣል።

ውሃው ሲደርቅ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ሙሉውን ይግቡ፣ አንድ ደቂቃ። ከሙኑ ከነጭ ሽንኩርቱና ከቀረው ዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ተወቅጦ ይከተላል፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። ሥጋው ገብቶ አምስት ደቂቃ ይጠበስ፤ ከዚያ ድንቹ። አሁን መረቁ በብርጭቆ ይለካ፤ ለአንድ ብርጭቆ የተዘፈዘፈ ሩዝ አንድ ብርጭቆ ከሦስት ሩብ። በደሴቱ አንድ ተኩል ይበቃል፤ እዚህ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚፈላ የሚተነው ይበዛል። መረቁ ከጎደለ በውሃ ሙሉት። ሲፈላ ቅመሱት፤ ለሾርባ ትንሽ ይበዛል የሚያሰኝ ጨው ለሩዙ ልክ ነው።

ሩዙ ገብቶ ክዳን ሳይደረግ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈላ፤ መረቁ ወርዶ ሩዙ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲታይ እሳቱ ይቀነስ፣ ድስቱ ይከደን። የዛንዚባር ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ከሥር ፍሙ ሳስቶ ይበተናል፣ ከላይ በክዳኑ ላይ ስምንት አሥር ፍም ይደረደራል። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ስለሚመጣ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ሩዙ አይንጠባጠብም፤ ላይኛው ሩዝ ጥሬ፣ ታችኛው ገንፎ መሆኑም ይቀራል። ክዳኑ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፣ የፕላስቲክ እጀታ አይኑረው። 25 ደቂቃ፣ ሳይከፈት፤ ከዚያ ከእሳት ወርዶ አሥር ደቂቃ ይረፍ። ይህ ሥራ የግቢ ሥራ ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፣ የታጠረ በረንዳም ያው ቤት ነው። ግቢ የሌለው ሰው ድስቱን በፎይል አሽጎ 160 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ25 ደቂቃ ቢያስገባው ውጤቱ ብዙም አይለይም።

ሲከፈት ላይኛው ሩዝ ገና ልቡ ደረቅ ከሆነ ሩብ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ዙሪያውን ረጭታችሁ አሥር ደቂቃ ክደኑት። ቀዝቃዛ ውሃ ሩዙን ያደነግጠዋል፣ ላዩ ይበተንና ልቡ እንደደረቀ ይቀራል። ማማሰልም የለም፤ ባስማቲ ሲማሰል ይሰባበራል። ከጎን በሹካ እየገለበጡ ማውጣት ነው።

የኮኮናት ዓሣው ላይ ምርጫው ይጠባል። ደሴቱ ላይ ቱናና ኪንግፊሽ ይገባበታል፤ ሥጋቸው ጠንካራ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀርበው ናይል ፐርች ነው፤ ወፍራም ቁራጭ ካገኛችሁ አትለፉት። አምባዛም መረቅ ውስጥ አይፈርስም፣ ግን ቅርፊት ስለሌለው በአንዳንድ ቤት አይበላም። ቆሮሶ ጣፋጭ ነው፤ ወጡ ውስጥ ግን ይበተናልና በአጥንቱ እንዳለ በትልቅ በትልቁ ይቆረጥ። ኦክቶፐሱን እርሱት።

አንድ ኪሎ ዓሣ በጨው፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአንድ ሎሚ ተለውሶ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ሎሚው ሥጋውን ያደርቀዋል። በወረቀት ፎጣ ደርቆ በሞቀ ዘይት በየጎኑ ሁለት ደቂቃ ይጠበስ፤ እርጥብ ዓሣ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። በሌላ ድስት አንድ ሽንኩርት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለስልሶ፣ አንድ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ ከዚያ ሦስት የተፋቀ ቲማቲም። ቲማቲሙ ዘይቱን እስኪለቅ፣ ወደ 15 ደቂቃ፣ መቁላላት አለበት። ቀጭኑ ኮኮናት ገብቶ አሥር ደቂቃ ይፍላ። ዓሣውና ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ ይግቡ፣ ወፍራሙ ወተት ይፍሰስበት፣ አምስት ደቂቃ በቀስታ። ሎሚ ከእሳት ከወረደ በኋላ ብቻ። በርበሬና ንጥር ቅቤ ለማስገባት እጅ ይከጅላል፤ ይጣፍጥም ይሆናል፣ የዛንዚባር ግን አይሆንም።

በጾም ቀን ዓሣውን በቦሎቄ መተካት ነው። ማሃራጌ ያ ናዚ የሚሉት የቦሎቄና የኮኮናት ወጥ ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ለረቡዕና ዓርብ የተሠራ ይመስላል፤ ሽሮ ለሰለቸው ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። 400 ግራም ቀይ ቦሎቄ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ በፕሬሸር 40 ደቂቃ። ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ነገር አለበት፤ የእኛ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ በክፍት ድስት ለብ ለብ አድርጎ መተው አደገኛ ነው። በጣት ሲጫኑት ሙሉ በሙሉ መላም አለበት። ቲማቲም የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ አሲዱ ቅርፊቱን ያጠነክርና ቦሎቄው ሲንተከተክ ይውላል። የቀረው እንደ ዓሣው ነው፤ ቀጭኑ መጀመሪያ፣ ወፍራሙ መጨረሻ።

ካቹምባሪ አምስት ደቂቃ ነው። ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጨው። ሽንኩርቱ በቀጭኑ ተቆርጦ በጨው ታሽቶ በውሃ ይታጠብ፤ ምሬቱና እንባው ይወጣል። ዘይት አይገባበትም። ከመቅረቡ በፊት ይቀላቀል፤ ቀድሞ ከተቀላቀለ በውሃ ይዋኛል።

ለቻፓቲው ግማሽ ኪሎ ፊኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 300 ሚሊ ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ። የከተማችን አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ ዱቄቱም ደረቅ ነው፤ ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ እስኪይዝ ድረስ ውሃ መጨመር ይፈቀዳል። አሥር ደቂቃ ይታሽ፣ ዘይት ተቀብቶ ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ለስምንት ተከፍሎ እያንዳንዱ ይዳመጥ፣ ዘይት ይቀባ፣ እንደ ገመድ ይጠቅለልና ይጠምዘዝ፤ 20 ደቂቃ ደግሞ ይረፍ። ይህን ሁለተኛ ዕረፍት የዘለለ ሰው ሲዳምጠው ሊጡ እየተሰበሰበ ያስቸግረዋል፤ ሲጋገርም ንብርብሩ አይለያይም። በሞቀ መጥበሻ በየጎኑ አንድ ደቂቃ በደረቁ፣ ከዚያ ዘይት ተቀብቶ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ። የእንጀራው ምጣድ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሦስት በአንዴ ይይዛል፣ ያጓጓል፤ ግን ዘይት የጠጣ ምጣድ ለእንጀራ እንደገና ማሟሸት ይጠይቃልና ብረት መጥበሻ ፈልጉ። የተጋገረው ወዲያው በፎጣ ይጠቅለል፤ አየር ላይ ከተተወ በደቂቃዎች ይደርቃል።

የተረፈ ፒላው ድስቱ ውስጥ እንደሞቀ አይደር። የተቀቀለ ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ያፈራል፤ በሰፊ ትሪ ተበትኖ ቶሎ ይቀዝቅዝና በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱም ጥቂት ውሃ ተረጭቶበት እስኪተን ይሙቅ። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ለጎረቤት ማካፈል ይሻላል። የተረፈ ወፍራም የኮኮናት ወተት በበረዶ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀልጥ ይለያያል፣ በማንኪያ ሲመታ ደግሞ ይመለሳል። አተላውም አይደፋ፤ ኦቨን ውስጥ ቢደርቅ ለኩኪስ ይሆናል።